ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፦ "አልወጣም" የሚለው ሶፍትዌርና የተናቀው ባለቤት

ገንዘብ ተከፍሎበት የተገዛ ኮምፒውተር የማን ነው? ጥያቄው የዋህ ይመስላል። ደረሰኙ ላይ ስሙ የሰፈረው ሰው ነው ይባላል። ያ ሰው ግን አንድ ቀን ያልፈለገውን ፕሮግራም ከገዛ ኮምፒውተሩ ላይ ሊያስወግድ ሲነሳ መልሱ እንዲያ ቀላል እንዳልሆነ ይረዳል። "አንኢንስቶል" የሚለውን ይጫናል፤ ፕሮግራሙ ሥራ ላይ ስለሆነ አይወገድም ይባላል። ይዘጋዋል፤ ተመልሶ ይከፈታል። ፋይሉን ለማጥፋት ይሞክራል፤ ፈቃድ የለህም የሚል መልስ ይመጣለታል። እንደምንም ቢሳካለት እንኳ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ፕሮግራሙ ከነምልክቱ እዚያው ቦታው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

በገዛ ቤቱ "ፈቃድ የለህም" የተባለ ሰው ባለቤት ነው ወይስ ተከራይ?

በአገራችን ለዚህ ችግር የተለመደው መፍትሔ አንድ ነው፤ "ፎርማት ይደረግ" ይባላል። የተለመደው ጥፋተኛም አንድ ነው፤ ሳያነብ "ኔክስት፣ ኔክስት" እያለ የተጫነው ተጠቃሚ። መፍትሔውም ፍርዱም ስሕተት ነው። አልወጣም የሚል ሶፍትዌር የተበላሸ ሶፍትዌር አይደለም። እንዳይወጣ ተደርጎ የተሠራ ነው። ከጀርባው የሰው ውሳኔ አለ፤ ከውሳኔው ጀርባ ደግሞ ገንዘብ አለ። ይህ እስካልታወቀ ድረስ ተጠቃሚው በሌላ ሰው ጥፋት ራሱን ሲወቅስ፣ ፎቶውንና ጽሑፉን ሲያጣ ይኖራል።

መውጫው በማን እጅ ነው?

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ዊንዶውስ ላይ "አንኢንስቶል" የሚለው ቁልፍ ሲጫን፣ በአብዛኛው ፕሮግራሙን የሚያስወግደው ዊንዶውስ አይደለም። ዊንዶውስ የሚያደርገው ፕሮግራሙ ሲገባ ይዞት የመጣውን ማስወገጃ መጥራት ብቻ ነው። ማስወገጃውን የጻፈው ደግሞ ፕሮግራሙን የጻፈው ያው ድርጅት ነው። እንግዳው መቼና እንዴት እንደሚወጣ የሚወስነው እንግዳው ራሱ ነው ማለት ነው። ሐቀኛ ከሆነ ጓዙን ሁሉ ሸክፎ ይሄዳል። ሐቀኛ ካልሆነ "እርግጠኛ ነዎት?" እያለ ደጋግሞ ይጠይቃል፤ ግማሹን ጓዝ ጥሎ ይወጣል፤ ወይም ወጣሁ ብሎ ጓዳ ይደበቃል።

መደበቂያው ብዙ ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው በሚነሱ ፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ ስሙን ያስገባል። ከጀርባ ሆኖ የሚሠራ ሰርቪስ ይተክላል። በየሰዓቱ ወይም በየቀኑ የሚቀሰቅሰው ቀጠሮ ያስይዛል። አንዳንዱ እርስ በርስ የሚጠባበቁ ሁለት ፕሮግራሞችን ያሰማራል፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ያስነሳዋል። የከፋው ደግሞ ከርነል በሚባለው የሥርዓቱ እምብርት ውስጥ ይገባና ከዓይን ይሰወራል። እነዚህ በድንገት የሚፈጠሩ ስሕተቶች አይደሉም። ባለሙያ አስቦባቸው፣ ደመወዝ ተከፍሎት የጻፋቸው ናቸው።

ለምን ይህን ያህል ይደከማል? እያንዳንዱ ኮምፒውተር የገበያ ቦታ ስለሆነ ነው። ላፕቶፕ አምራቾች የሙከራ ፀረ ቫይረስና ሌላውንም ኮተት በማሽኖቻቸው ላይ ቀድመው እንዲጭኑ ከሶፍትዌር ድርጅቶች ይከፈላቸዋል። ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣው ፕሮግራም ለገዢው የተሰጠ ምርቃት አይደለም። ገዢው ራሱ ለፕሮግራሙ ባለቤት የተሸጠ ዓይን ነው።

ፍርድ ቤት የቆመ ቁልፍ

ይህ ነገር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1998 የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤትና በርካታ ክፍለ ግዛቶች ማይክሮሶፍትን ከሰሱ። ክሱ ሰፊ ነበር። ከነጥቦቹ አንዱ ግን ስለዚሁ ትንሽ ቁልፍ ነበር፦ ኩባንያው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ፕሮግራም ከሚወገድበት ዝርዝር ውስጥ አውጥቶት ነበር። መከራከሪያው ብሮውዘሩና ዊንዶውስ አንድ አካል ናቸው፣ ሊለያዩ አይችሉም የሚል ነበር።

የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁር ኤድዋርድ ፌልተን ለመንግሥት ወገን ምስክር ሆኖ ቀረበ። ብሮውዘሩን ከተጠቃሚው ፊት የሚያነሳ ፕሮግራም ሠርቶ አሳየ። ማይክሮሶፍት በበኩሉ የፌልተን ፕሮግራም ዊንዶውስን ያዘገየዋል ሲል የቪዲዮ ማስረጃ አቀረበ። በመስቀለኛ ጥያቄ ግን ቪዲዮው ውስጥ የሚታየው ነገር እርስ በርሱ እንደማይጣጣም ተጋለጠና ኩባንያው ተሸማቀቀ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2001 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ማይክሮሶፍት ለሁለት ይከፈል የሚለውን ትእዛዝ ሻረ። ብሮውዘሩን ከማስወገጃው ዝርዝር ማውጣቱ ግን ተወዳዳሪን ለመግፋት የተደረገ ሕገ ወጥ ድርጊት ነው የሚለውን አጸና። የማስወገጃ ቁልፍ መደበቅ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ተፈርዷል።

ሙዚቃ ለመስማት የገባ ሌባ

ከዚያ በኋላ የመጣው ባሰ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሶኒ ቢኤምጂ የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ በሚሸጣቸው ሲዲዎች ላይ የቅጂ መከላከያ ብሎ ሶፍትዌር ጫነ። ሲዲው ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ሲከፈት ፕሮግራሙ ሩትኪት በሚባለው ዘዴ ራሱን ከዊንዶውስ ዓይን ይሰውራል። ይህን ያጋለጠው ማርክ ሩሲኖቪች የተባለ የዊንዶውስ ሊቅ ነው፤ በጥቅምት ወር መጨረሻ በገዛ ኮምፒውተሩ ላይ አግኝቶት ለዓለም ጻፈ። ፕሮግራሙ ማስወገጃ አልነበረውም። በእጅ ነቅሎ ለማውጣት የሞከረ ሰው ደግሞ የሲዲ ማጫወቻው ሥራ ያቆም ነበር። በዚያ ላይ ሌሎች የቫይረስ ጸሐፊዎች የሶኒን መደበቂያ ለራሳቸው መደበቂያ አደረጉት።

ጩኸቱ ሲበረታ ኩባንያው ማስወገጃ አወጣ። የሚገርመው ማስወገጃው ነው። ያው ፌልተንና ባልደረባው አሌክስ ሃልደርማን መርምረውት፣ ማስወገጃው ራሱ ማንኛውም ድረ ገጽ ወደ ኮምፒውተሩ ገብቶ ያሻውን እንዲያደርግ በር ከፍቶ እንደሚሄድ አረጋገጡ። ሌባው ሲወጣ በሩን ነቅሎ ሄደ ማለት ነው።

አንድ የኩባንያው ኃላፊ በአሜሪካ ሬዲዮ ቀርቦ ሲጠየቅ፣ አብዛኛው ሰው ሩትኪት ምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም፣ ታዲያ ለምን ይጨነቃል የሚል መልስ ሰጠ። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የተባለው ለዚህ ነው። መጀመሪያ የተናቀው ሰውዬው ነው፤ ኮምፒውተሩ በኋላ የመጣ ነው።

ንቀቱ ግን ያለ ዋጋ አልቀረም። ሲዲዎቹ ከገበያ ተሰበሰቡ፤ የቴክሳስ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ክስ መሠረተ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ኩባንያው ኮምፒውተራቸው ለተጎዳባቸው ሰዎች እስከ 150 ዶላር እንዲክስ የሚያደርግ ስምምነት አስፈረመው። ሕግ ያለበት አገር ነበርና።

"ፎርማት" የማያወጣው እንግዳ

አሁን ወደ ፎርማት እንመለስ። የሰፈሩ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ለማንኛውም ችግር ያለው መድኃኒት አንድ ነው። ዘገየ? ፎርማት። ማስታወቂያ በዛበት? ፎርማት። ፕሮግራም አልጠፋ አለ? ፎርማት። ተማሪው ዓመት ሙሉ የለፋበትን የመመረቂያ ጽሑፍ፣ እናት የሞተ ልጇን ፎቶ፣ ነጋዴው የሂሳብ መዝገቡን ይዘው ይመጣሉ። አብዛኛው "ባክአፕ" የለውም። አይጥ ገባ ተብሎ ቤት እንደ ማቃጠል ነው።

ከተቃጠለ በኋላስ? ባለሙያው ፍላሽ አውጥቶ የተሰበረ ዊንዶውስ፣ የተሰበረ ኦፊስና የዚያን ማግበሪያ "ክራክ" ይጭናል። ክራኩ እንዲሠራ ፀረ ቫይረሱን ያጠፋል። አንድ እንግዳ አስወጥቶ በፊት በር አሥር እንግዳ ያስገባል። በዚህ ጉዳይ ጥገና ቤቶችም ከወቀሳ አያመልጡም።

ፎርማት ደግሞ ሁልጊዜም መፍትሔ አይሆንም። ለዚህ ምስክሩ ሌኖቮ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2015 ኩባንያው በሸጣቸው በርካታ ላፕቶፖች ላይ ሱፐርፊሽ የተባለ የማስታወቂያ ፕሮግራም ቀድሞ ጭኖ እንደነበር ተጋለጠ። ፕሮግራሙ ማስታወቂያ ለመሰግሰግ ሲል በተጠቃሚውና በባንኩ ድረ ገጽ መካከል ገብቶ የሚቆም የምስጢር ማረጋገጫ ሰርተፍኬት ተክሎ ነበር። ቁልፉ በሁሉም ላፕቶፖች ላይ አንድ ዓይነት በመሆኑ፣ ቁልፉን ያገኘ ሌባ የሁሉንም በር ሊከፍት ይችል ነበር። ፕሮግራሙን በተለመደው መንገድ ያስወገደ ሰው ደግሞ ሰርተፍኬቱ እዚያው ይቀርበታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሌኖቮ ከፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑና ከ32 ክፍለ ግዛቶች ጋር ስምምነት ፈረመ፤ ለክፍለ ግዛቶቹም 3.5 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ።

በዚያው በ2015 ነሐሴ ሌላ ጉድ ወጣ። የዚሁ አምራች አንዳንድ ኮምፒውተሮች ላይ ባዮስ በሚባለው፣ ከሃርድ ዲስኩ ውጭ በሚቀመጠው ሥርዓት ውስጥ፣ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር የአምራቹን ሶፍትዌር መልሶ የሚጭን ኮድ ተገኘ። ሃርድ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ ንጹሕ ዊንዶውስ የጫነ ሰው እንኳ አላመለጠም። ኩባንያው በኋላ ማስወገጃና የባዮስ ማሻሻያ ለማውጣት ተገደደ። ፎርማት እንደ ጠበል ለሁሉም ነው ለሚሉ ሁሉ መልሱ ይኸው ነው።

ካርድ የሚበላው ስልክ

ይህ የላፕቶፕ ባለቤቶች ጣጣ ነው፣ ለእኛ ሩቅ ነው የሚል ካለ ይስማ። ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ኮምፒውተሩ ስልኩ ነው። በስልክ ላይ ደግሞ ነገሩ ከኪስ ይጀምራል።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 አፕስትሪም የተባለ የሞባይል ደኅንነት ድርጅት አንድ ሪፖርት አወጣ። ቴክኖ ደብልዩ 2 በተባለው ርካሽ ስልክ ላይ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የተባሉ ጎጂ ሶፍትዌሮች ቀድመው ተጭነው ተገኙ። ሶፍትዌሮቹ ባለቤቱ ሳያውቅ በክፍያ አገልግሎቶች ያስመዘግቡታል። ድርጅቱ ከ2019 መጋቢት ጀምሮ ከ200 ሺህ በሚበልጡ ስልኮች የተሞከሩ 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ግብይቶችን መመዝገቡን ገለጸ። ግብይቱ በዋናነት የታየባቸው አገሮች ኢትዮጵያ፣ ካሜሩን፣ ግብፅ፣ ጋናና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ተጠሪ ሆና ተጽፋለች።

ኤክስሄልፐር በዓለም የደኅንነት ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀው በአንድ ጠባዩ ነው፦ አይወጣም። ስልኩ ወደ ፋብሪካ ይዞታው ቢመለስም ተመልሶ ይመጣል። የስልኩ አምራች ትራንሽን ጥፋቱን በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ባለ አንድ ድርጅት ላይ አድርጎ፣ ማስተካከያ ማውጣቱን ተናገረ። ይሁን። ግን ማስተካከያውን ለማውረድ ኢንተርኔት መግዛት የነበረበት ማን ነው? ያው የተበላው ሰው።

"ካርድ ሞላሁ፣ ወዲያው አለቀ" የሚለው አቤቱታ በየታክሲው ይሰማል። ሁሉም የሶፍትዌር ሥራ አይደለም። ሆኖም ባለቤቱ በስልኩ ውስጥ ማን እንዳለ ማየትና ማስወጣት እስካልቻለ ድረስ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አይችልም። ከድሃው ሰው ላይ ሁለት ብር መውሰድ ቀላል ነው፤ ለሁለት ብር ማንም ጠበቃ አያቆምም።

የሚቀርቡት ሰበቦች

ሶፍትዌር ሠሪዎች መከራከሪያ አያጡም። አራቱን ማየት ይበቃል።

አንደኛው፣ "ፀረ ቫይረስ በቀላሉ የሚወገድ ከሆነ ቫይረሱም ያስወግደዋል" የሚል ነው። ይህ እውነትነት አለው። ፀረ ቫይረስ ራሱን ከጠላት መከላከል አለበት። ባለቤቱ ግን ጠላት አይደለም። የይለፍ ቃሉን አስገብቶ፣ አስቦበት "ውጣ" ያለን ሰው ከቫይረስ ለይቶ የማያውቅ ፀረ ቫይረስ ምን ይጠብቃል? ታላላቆቹ የፀረ ቫይረስ ድርጅቶች ለየብቻ የሚወርዱ ልዩ ማስወገጃዎችን በድረ ገጻቸው ላይ አስቀምጠዋል። የመጀመሪያው ማስወገጃ በሚገባ የማይሠራ ባይሆን ኖሮ ሁለተኛው ለምን ያስፈልግ ነበር?

ሁለተኛው፣ "ተጠቃሚው ውል ተቀብሏል" የሚል ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ለጠበቃ እንኳ የሚያሰለች ረጅም ጽሑፍ ሥር "እስማማለሁ" የሚል ቁልፍ መጫን መግባትን ፈቅዶ ሊሆን ይችላል። ለዘላለም መቀመጥን ግን አልፈቀደም። ያስገባ ሰው ማስወጣት ይችላል፤ እንግዳ የተቀበለ ሁሉ የሚያውቀው ነው።

ሦስተኛው፣ "ስልኩ የረከሰው ማስታወቂያ ስላለበት ነው" የሚል ነው። እንግዲያው ካርቶኑ ላይ ይጻፍ። "ይህ ስልክ ርካሽ የሆነው ማስታወቂያ ስለሚያሳይና አንዳንድ ፕሮግራሞቹ ስለማይጠፉ ነው" ተብሎ ይሸጥ። ገዢው አውቆ ይግዛ። ተደብቆ የተከፈለ ዋጋ ቅናሽ አይባልም።

አራተኛውና የቆየው፣ "በቴክኒክ አይቻልም" የሚል ነው። ይህን ያፈረሰው የአውሮፓ ሕብረት ነው። የሕብረቱ የዲጂታል ገበያዎች ሕግ ታላላቆቹ ኩባንያዎች፣ ለሥርዓቱ ህልውና አስፈላጊ ከሆኑት በስተቀር፣ ማንኛውንም ፕሮግራም ተጠቃሚው በቀላሉ እንዲያስወግድ ያስገድዳቸዋል። ግዴታው እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 7 ቀን 2024 ጀምሮ ጸና። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ ይሏል። ማይክሮሶፍት ኤጅ የተባለውን ብሮውዘሩን በአውሮፓ የሚኖር ሰው እንዲያስወግድ ቁልፉን ከፈተ፤ ለሌላው ዓለም ግን አልከፈተም። ያው ዊንዶውስ ነው፤ ያው ኮድ ነው። ፍራንክፈርት ያለው ወንድም ኤጅን ያስወግዳል። አዲስ አበባ ያለችው እህቱና ዋሽንግተን ያለው አጎቱ አይችሉም። ልዩነቱ ኮምፒውተሩ ሲዋቀር የተመረጠው አገር ስም ብቻ ነው። "አይቻልም" ሲባል የኖረው "አልተገደድንም" ማለት ነበር።

ምን ይደረግ?

ለጊዜው ተጠቃሚው ማድረግ የሚችለው አለ። ከፎርማት በፊት የድርጅቱን ልዩ ማስወገጃ አውርዶ መሞከር፤ ካልሆነ ኮምፒውተሩን በሴፍ ሞድ አስነስቶ እዚያ ማስወገድ፤ ቀጥሎም አውቶራንስ በሚባለው ነፃ መሣሪያ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የሚነሳውን ሁሉ መመርመር። አውቶራንስን ከሠሩት አንዱ ያው የሶኒን ጉድ ያወጣው ሩሲኖቪች ነው። በስልክ ላይ ማጥፋት ካልተቻለ "ዲሴብል" የሚለውን መጠቀም። ከሁሉም በፊት ግን ፋይልን ሌላ ቦታ መገልበጥ።

ይህ ግን አጥር መጠገን እንጂ አጥር ነቅናቂውን መጠየቅ አይደለም። መጠየቅ የመንግሥት ሥራ ነው፤ መሣሪያውም በእጁ አለ። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። የማይጠፋ ፕሮግራም ያለበት ዕቃ ይህ ሳይነገር ሲሸጥ መብቱ የት አለ? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ዳታ የሚሰበስበውን ፕሮግራም ማስወጣት ያልቻለ ሰው ዳታውን እንዴት ይጠብቃል? የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ወደ አገር የሚገቡ የቴሌኮም መሣሪያዎችን መርምሮ የማጽደቅ ሥልጣን አለው። በምርመራው ላይ አንድ ጥያቄ ይጨመር፦ "በዚህ ስልክ ላይ ባለቤቱ ሊያጠፋው የማይችለው ምንድን ነው? ለምን?" መልሱም በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች በካርቶኑ ላይ ይታተም።

አራት መቶ ሃምሳ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያለው የአውሮፓ ገበያ ነው ኩባንያዎቹን ያስገደደው፣ ኢትዮጵያ ማን ይሰማታል የሚል ይኖራል። ግን ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላትን አገር ገበያ የሚንቅ ስልክ ሻጭ የለም። ሻጮቹ እዚህ የመጡት ገበያውን አክብረው ነው። ያላከበሩት ገዢውን ነው። ገዢው እንዲከበር ደግሞ ሕጉን የያዘው አካል መጀመሪያ ማክበር አለበት።

እስከዚያው ድረስ ለጥገና ቤቱ ባለሙያ "ፎርማት አድርግልኝ" ከማለት በፊት አንድ ጥያቄ ይቅደም፦ "ይህን ማን ጫነው? ለምንስ አይወጣም?" ጥያቄው በየሱቁ፣ በየቢሮውና በየአስመጪው ደጃፍ መጠየቅ ሲጀምር፣ አጥሩን የሚነቀንቀው ሁሉ ቤቱ ባለቤት እንዳለው ያውቃል።